አስተማሪ «ይሄ ልጅ ጎበዝ ነው» ብላ ብታስብ ልጁ ጎበዝ ይሆናል?

ሰኔ መጨረሻ ላይ ካርድ ሲሰጥ ሰፈር ውስጥ የሚሰማው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ስንተኛ ወጣህ?» 3ኛ የወጣው ደረቱን ነፍቶ ይመልሳል፤ 41ኛ የወጣው በጓሮ በኩል ወደ ቤት ይገባል። መስከረም ላይ ሁለቱም ወደ ክፍል ሲመለሱ፣ አዲሷ አስተማሪ ማን «ጎበዝ» ማን «ሰነፍ» እንደሆነ ገና ሳታስተምራቸው ሰምታ ሊሆን ይችላል። ታዲያ ይህ የሰማችው ነገር ብቻውን የልጆቹን ውጤት ሊቀይር ይችላል?

ነገሩ የሚጀምረው ከአይጥ ነው፤ አትሳቁ። እ.ኤ.አ. በ1963 አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሮበርት ሮዘንታል ከባልደረባው ጋር ያሳተመው ሙከራ ነበር። ተማሪዎች አይጦችን በመተላለፊያ ውስጥ ትክክለኛውን መታጠፊያ እንዲያስለምዱ ተሰጣቸው። ለአንዳንዶቹ «የእናንተ አይጦች ብልህ ዘር ናቸው»፣ ለሌሎቹ «የእናንተ ደደብ ናቸው» ተባሉ። በእውነቱ በአይጦቹ መካከል ልዩነት አልነበረም። ግን ምን መሰላችሁ? «ብልህ» የተባሉት የተሻለ ተማሩ።

ሮዘንታል ቀጥሎ ልጆችን ማየት ፈለገ። የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ከነበረችው ከሌኖር ጃኮብሰን ጋር ሆኖ፣ በካሊፎርኒያ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ያሉ ልጆችን የአእምሮ ብቃት ፈተና ፈተናቸው። ከዚያም ለአስተማሪዎቹ ከአምስት ልጆች የአንዱን ያህል ስም ሰጥተው «እነዚህ ዘንድሮ በጣም ይሻሻላሉ» አሏቸው። ስሞቹ ግን የወጡት እንደ ዕጣ በዘፈቀደ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ፣ ስማቸው የተጠቀሰው የ1ኛ ክፍል ልጆች በአማካይ 27 ነጥብ ያህል ሲጨምሩ ሌሎቹ የጨመሩት 12 ያህል ነው። በ2ኛ ክፍልም ልዩነቱ ታየ። ከዚያ በላይ ባሉት ክፍሎች ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልነበረም።

እንዴት ሊሆን ይችላል? አስተማሪ በሐሳቧ ብቻ ጭንቅላት ውስጥ አትገባም። መንገዱ ትንንሽ ነገሮች ናቸው፦ ፈገግታ፣ ከበድ ያለ ጥያቄ መስጠት፣ «ይሄን እንዲህ ብታስተካክለውስ?» ብሎ ማሳየት። ከሁሉም የሚገርመኝ ግን ዝምታው ነው። ሜሪ በድ ሮው የተባለች ተመራማሪ ብዙ የክፍል ውስጥ ቅጂዎችን አዳምጣ፣ አስተማሪዎች ከጠየቁ በኋላ የሚጠብቁት በአማካይ 1 ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሆነ አገኘች። ጎበዝ የሚሏቸውን ልጆች ደግሞ 2 ሰከንድ ለሚጠጋ ጊዜ ይጠብቃሉ፤ ደካማ የሚሏቸውን 1 ሰከንድ እንኳ አይሞላም። ማሰብ የጀመረ ልጅ ሳይጨርስ ጥያቄው ወደ ሌላ ሄደ ማለት ነው! ዝምታው ወደ 3 ሰከንድ ሲረዝም የልጆቹ መልስ ረዘም ያለና የታሰበበት ሆነ። ነገ ክፍል ውስጥ በልባችሁ ቁጠሩ፤ ከኋላ ወንበር ለሚቀመጠው ልጅ ስንት ሰከንድ ይደርሰዋል?

እዚህ ላይ ግን ቆም እንበል። የሮዘንታል የትምህርት ቤት ሙከራ ብዙ ትችት ገጥሞታል። ሮበርት ቶርንዳይክ የተባለ የፈተና ባለሙያ የትንንሾቹ ልጆች ነጥብ የሚታመን እንዳልሆነ ጽፏል። በኋላ የተደረጉ ብዙ ጥናቶች የአስተማሪ ግምት ውጤት አለው፣ ግን በአብዛኛው ትንሽ ነው ይላሉ። አስተማሪዎችም ብዙ ጊዜ የሚገምቱት የልጁን ሥራ አይተው ስለሆነ ትክክል ይሆናሉ። እ.ኤ.አ. በ1984 ስቲቨን ራውደንቡሽ የተለያዩ ሙከራዎችን አንድ ላይ ሲመረምር ደግሞ፣ አስተማሪዋ ልጁን ከሁለት ሳምንት በላይ ካወቀችው ከውጭ የተነገራት ወሬ እምብዛም እንደማይሠራ አየ። ስለዚህ ወሬው የሚከብደው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው፤ ለእኛ መስከረም ላይ መሆኑ ነው።

ካርዱስ? እስራኤል ውስጥ ሩት በትለር የ5ኛና የ6ኛ ክፍል ልጆችን ሥራ በሦስት መንገድ እንዲመለስላቸው አደረገች፦ ለአንዳንዶቹ ነጥብ ብቻ፣ ለአንዳንዶቹ አስተያየት ብቻ፣ ለሌሎቹ ሁለቱም። በሚቀጥለው ሥራ የተሻሻሉት አስተያየት ብቻ ያገኙት ናቸው። ነጥብና አስተያየት አንድ ላይ የደረሳቸው ግን ነጥብ ብቻ ከደረሳቸው እምብዛም አልተሻሉም። እኔ እንደሚመስለኝ ምክንያቱ ለማናችንም አይጠፋንም፤ ደብተር ሲመለስ መጀመሪያ የምናየው ቀዩን ቁጥር ነው፣ ቀጥሎ የጓደኛችንን ቁጥር፣ ከዚያ ደብተሩ ይከደናል።