ሳምሱም፦ በአል አይን የቴምር ጥላ ሥር የሚኖረው ተናዳፊ ጉንዳን

በአቡዳቢ ኤምሬት የምትገኘው አል አይን «የአትክልት ከተማ» በሚል ቅጽል ትታወቃለች። የቴምር እርሻዎቿ ከሌሎች ጥንታዊ ቅርሶቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ለዛፎቹ ሕይወት የሆነው የመስኖ እርጥበት ግን ለሌላ ትንሽ ፍጡርም ምቹ መኖሪያ ሆኗል። ይህም በዓረብኛ «ሳምሱም» ተብሎ የሚጠራው ጥቁር ጉንዳን ነው።

ሳምሱም የአፍሪካ ተወላጅ ነው። ሳይንሳዊ መጠሪያውን ያገኘው ዓባይ ከኢትዮጵያ ወርዶ ከሚያልፍባት የሱዳኗ ሰናር ነው። ዛሬ በዓረብ ልሳነ ምድር መስኖ በለማባቸው ሥፍራዎች ይገኛል። ጎጆውን በዛፍ ሥር፣ በሣር መስክ፣ በእግረኛ መንገድ ንጣፎችና በግድግዳ ስንጥቆች ውስጥ ይሠራል።

ይህ ጉንዳን እንደ ንብ ከኋላው ባለው መርዛማ መውጊያ ይናደፋል። የማር ንብ መውጊያዋን በቆዳ ውስጥ ትታ ስትሄድ፣ ሳምሱም ግን ደጋግሞ ሊናደፍ ይችላል። በአብዛኛው ሰው ላይ የሚታየው ሕመም፣ መቅላት፣ ማሳከክና ውሱን እብጠት ሲሆን ይህም በጊዜ ሂደት ይጠፋል።

በጥቂቶች ላይ ግን ጉዳዩ ከዚህ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ1992 በኤምሬትስ በታዩ ሕሙማን ላይ የተመሠረተ ጽሑፍ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጥቶ ነበር። በ1995 የታተመ ተከታይ ጥናት ደግሞ መላ ሰውነትን የሚያዳርሰው ምላሽ እውነተኛ አለርጂ መሆኑን አሳይቷል። ሰውነት በቀደመ ንድፊያ ወቅት ለመርዙ ፀረ እንግዳ አካል ያዘጋጃል፤ በቀጣዩ ንድፊያ ሂስታሚንና ሌሎች ኬሚካሎች በብዛት ይለቀቃሉ። በመሆኑም የመጀመሪያው ንድፊያ በቀላሉ ማለፉ ለሚቀጥለው ዋስትና አይሆንም።

የአደጋው ምልክቶች ከተነደፈው ቦታ ርቆ በሰውነት ላይ የሚወጣ ሽፍታ፣ የከንፈር፣ የምላስ ወይም የጉሮሮ እብጠት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ማስታወክ፣ ማዞርና ራስን መሳት ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ከታየ ሳይዘገዩ የአምቡላንስ ቁጥር 998 መደወል ያስፈልጋል። ሕመምተኛው ይጋደም፣ እግሮቹም ከፍ ይበሉ፤ መተንፈስ ከተቸገረ ግን ይቀመጥ። በድንገት ተነሥቶ እንዲቆም ወይም እንዲራመድ ማድረግ አይገባም። ቀዳሚው ሕክምና በጭን ጡንቻ የሚወጋው አድሬናሊን ነው። የማሳከክ ማስታገሻ እንክብሎች የእርሱን ቦታ አይተኩም።

ጉዳዩ በይበልጥ የሚመለከተው አትክልተኞችን፣ የእርሻ ሠራተኞችንና ግቢ የሚያጸዱ የቤት ሠራተኞችን ነው፤ ከእነዚህም መካከል በርካታ ኢትዮጵያውያን ይገኛሉ። የተሸፈነ ጫማና ጓንት ማድረግ፣ በእርጥብ ሣር ላይ በባዶ እግር አለመሄድና ከመቀመጥ በፊት ሥፍራውን መመልከት ይጠቅማል። ቀደም ሲል ከባድ ምላሽ የታየበት ሰው በሐኪም ሊመረመር፣ ራሱ የሚወጋውን የአድሬናሊን መርፌ ስለ መያዝም ሊጠይቅ ይገባል። ለአሠሪና ለሥራ ባልደረባ አስቀድሞ መናገርም በጭንቅ ጊዜ የሚደርስ እጅ ያስገኛል። ዓረብኛ ለማይችል ሕመምተኛም «ሳምሱም» የሚለው አንድ ቃል ለሐኪሙ ብዙ ይነግረዋል።