ሻማ፣ ጥላና የጥንት ጥርስ

እ.ኤ.አ. በ1860 መገባደጃ፣ በፈረንጆች ገና ሰሞን፣ ማይክል ፋራዳይ የተባለ የ69 ዓመት አዛውንት ለንደን በሚገኘው የሮያል ኢንስቲትዩሽን አዳራሽ ልጆችን ሰብስቦ ስለ ሻማ ማስተማር ጀመረ። ይህ ሰው ከ29 ዓመት በፊት ማግኔትን በሽቦ ጥቅል ውስጥ በማንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ ማመንጨት እንደሚቻል ያሳየ ሊቅ ነው። ዛሬ በየግድቡ የሚሽከረከሩት ማመንጫዎች የሚሠሩት እርሱ ባገኘው ሕግ ነው። ከፈለገ ስለ ራሱ ግኝት ማውራት ይችል ነበር። የመረጠው ግን በየቤቱ ያለችውን ሻማ ነው፤ ስለ እርሷም ስድስት ትምህርት ሰጠ።

ስድስት ትምህርት ሙሉ ስለ ሻማ ምን ይወራል? ነገሩ የሚነሣው ከአንድ ጥያቄ ነው፤ ሻማ ሲበራ የሚነደው ምኑ ነው? ክሩ ነው እንዳይባል፣ ክር ብቻውን ቢለኮስ ወዲያው አመድ ይሆናል። ሰሙ ነው እንዳይባል፣ ደረቅ ሰም ላይ ክብሪት ቢያዝ ይቀልጣል እንጂ እንዲህ በቀላሉ አይቀጣጠልም። መልሱን ለማየት ሻማዋን እፍ ብሎ ማጥፋትና ከክሩ ወደሚወጣው ነጭ ጭስ ወዲያውኑ የበራ ክብሪት ማስጠጋት ይበቃል። ክብሪቱ ክሩን ሳይነካው እሳቱ ጭሱን ተከትሎ ይወርድና ሻማዋን መልሶ ያበራታል። ያ ነጭ ጭስ የሰም ተን ነው። ሰሙ በሙቀት ይቀልጣል፤ የቀለጠው በክሩ ሽቅብ ይሳባል፤ ጫፉ ላይ ሲደርስ ይተናል፤ ተኑም ይነዳል። የእሳቱ ሙቀት ደግሞ ታች ያለውን ሰም ያቀልጣል።

ገና አላለቀም። ቀዝቃዛ ማንኪያ ከነበልባሉ ከፍ ብሎ ለአፍታ ቢያዝ ጤዛ ይቋጥራል፤ ከእሳት ውኃ ወጣ ማለት ነው። ማንኪያው ወደ ቢጫው ነበልባል ዝቅ ሲል ግን ጥላሸት ይለብሳል፤ ያን ደማቅ ብርሃን የሚሰጠውም ይኸው የጋለ ጥላሸት ነው። ፋራዳይ እንዲህ እያለ ልጆቹን ከደረጃ ወደ ደረጃ ወሰዳቸውና በመጨረሻ የራሳቸው ትንፋሽ ላይ አደረሳቸው። ሻማ አየር ወስዳ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውኃ እንደምትሰጥ ሁሉ ሰውም የበላውን ምግብ ከሚተነፍሰው ኦክስጅን ጋር አዋሕዶ ያንኑ ያስወጣል። መብራት በጠፋ ምሽት አንድ አዋቂ ከልጁ ጎን ተቀምጦ ክብሪቱን እስከያዘ ድረስ ይህ ሁሉ ዛሬም በየትኛውም ቤት ሊታይ ይችላል።

ፋራዳይ ስለ ልጆች ይህን ያህል የተጨነቀበት ምክንያት ከራሱ ልጅነት ይጀምራል። የብረት ቀጥቃጭ ልጅ ነው፤ የተማረው ማንበብ፣ መጻፍና ጥቂት ሒሳብ ብቻ ነበር። በ14 ዓመቱ መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ተለማማጅ ሆኖ ገባና ለጥረዛ የሚመጡትን መጻሕፍት ማንበብ ጀመረ። ከእነዚያ አንዱ ጄን ማርሴት የተባለች እንግሊዛዊት ስለ ኬሚስትሪ የጻፈችው ነበር። መጽሐፉ ደረቅ ትምህርት አይደለም፤ አንዲት መምህርት ከሁለት ልጃገረዶች ጋር የምታደርገው ጭውውት ነው። ኤሚሊ ረጋ ያለች ተማሪ ናት፤ ካሮላይን ግን አፏ የማያርፍ፣ ሁሉን የምትጠራጠር፣ ፍንዳታ የምትወድ ልጅ ናት። ተለማማጁ ልጅ ያነበበውን ዝም ብሎ አላመነም፤ በቆጠበው ሳንቲም ዕቃ እየገዛ በትንንሽ ሙከራ አረጋገጠው። ታላቅ ሳይንቲስት ከሆነ በኋላም ለማርሴት ያለውን ምስጋና በደብዳቤ ጽፏል። ለጀማሪዎች ተብሎ በሚገባ ቋንቋ የተጻፈ አንድ መጽሐፍ እንዲህ ያለ ሰው ማፍራቱ፣ ለልጆች መጻፍን እንደ ቀላል ሥራ ለሚያዩ ሁሉ በቂ መልስ ነው።

ሳይንስንና ታሪክን ለልጆች አስደሳች ማድረግ ሲባል ቶሎ የሚታሰበው ደማቅ ሥዕል፣ ካርቱንና ዘፈን ነው። እነዚህ አይጠሉም። በአገራችን «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተሰኘው የቴሌቪዥን ዝግጅት ቀጭኔዋን አሻንጉሊት ፀሐይን ይዞ በአማርኛ ለሕፃናት ያደረገው ይታወቃል። ዕድሜው ከፍ ያለ፣ ነገር የሚመረምር ልጅ ግን ከጌጡ በላይ የሚፈልገው አለ። «ምንድን ነው?» የሚለው ከተነገረው በኋላ «እንዴት አወቁ?» ይላል። አብዛኛው የመማሪያ መጽሐፍ ደግሞ ለዚህ ሁለተኛ ጥያቄ ቦታ የለውም፤ ውጤቱን አስቀምጦ ያልፋል፣ ፈተናውም ውጤቱን ብቻ ይጠይቃል። የልጁ ደስታ የሚሰረቀው እዚህ ላይ ነው።

የአገራችን ልጆች ይህን ደስታ ከእንቆቅልሽ ያውቁታል። ጠያቂው «እንቆቅልህ» ሲል መላሹ «ምን አውቅልህ» ይላል፤ ያልሞከረ መልስ አያገኝም፤ የተሸነፈም «አገር ስጠኝ» ተብሎ አገር ሰጥቶ ነው መፍትሔውን የሚሰማው። ጥያቄውና መልሱ መካከል ያለው ያ የመቁነጥነጥ ጊዜ ነው ጨዋታውን ጨዋታ የሚያደርገው። ሳይንስና ታሪክም ልጅ ፊት ሲቀርቡ ይህ ጊዜ ሊቀርባቸው አይገባም።

የአክሱምን ሐውልት እንውሰድ። ተማሪ ሁሉ ከአንድ ድንጋይ የተፈለፈለ መሆኑን ያውቃል። ከወደቁት ትልቁ 33 ሜትር ርዝመትና 520 ቶን ገደማ ክብደት አለው ብሎ ከማለፍ ይልቅ ልጁን በሐሳብ ወደ ጎቦ ድራ መውሰድ ይሻላል። ከአክሱም በስተ ምዕራብ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ ጥንታዊ የድንጋይ ካባ ነው። በዓለቱ ላይ ተደርድረው የተቦረቦሩ ትንንሽ ጉድጓዶች ዛሬም ይታያሉ፤ ጠራቢዎቹ ሽብልቅ እያስገቡ ዓለቱን በመስመር የሰነጠቁባቸው ናቸው። የድንጋዩ አወጣጥ በዚህ ታወቀ። አራቱን ኪሎ ሜትር ያለ ሞተር እንዴት ተጓዘ? ይህን የጻፈ ሰነድ የለም፤ ተመራማሪዎች ግንድ፣ ገመድና ብዙ የሰው ጉልበት ይገምታሉ፤ ዝሆንም ሳይረዳ አልቀረም የሚሉ አሉ። ልጆች በእርሳስና በጡብ እየሞከሩ ሊከራከሩበት የሚችሉት ነገር ነው። ማነጻጸሪያም አለ፤ ወደ ሮም ተወስዶ የነበረው 24 ሜትር ሐውልት እ.ኤ.አ. በ2005 ሲመለስ በሦስት ተቆራርጦ፣ በግዙፉ አንቶኖቭ አውሮፕላን፣ በሦስት በረራ ነበር የመጣው።

ከሁሉ በላይ ልጅን የምትማርከው ግን ሌላ ልጅ ናት። ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የመሩት ቡድን እ.ኤ.አ. በ2000 በአፋር ዲኪካ ያገኛት ሰላም ከ3.3 ሚሊዮን ዓመት በፊት የኖረች ሕፃን ናት። አንዳንዶች የድንቅነሽ ልጅ ይሏታል፤ በዘመን ግን ድንቅነሽን 100 ሺህ ዓመት ያህል ትቀድማታለች። አጥንቶቿ በአሸዋ ድንጋይ ውስጥ ተቀብረው ስለ ነበር ዘረሰናይ አሸዋውን በጥቃቅን መሣሪያ ቅንጣት በቅንጣት እያነሱ ዓመታት ፈጁ፤ ግኝቱ ለዓለም የተነገረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ስትሞት ዕድሜዋ ስንት እንደ ነበር የሚነግር ወረቀት የላትም፤ ታዲያ ሦስት ዓመት ገደማ እንደ ነበረች እንዴት ታወቀ? በጥርሷ ነው። የወተት ጥርሶቿ በቅለዋል፤ ቋሚዎቹ ገና መንጋጋዋ ውስጥ ተደብቀው በስካን ታይተዋል። ሴት መሆኗም የተገመተው ከጥርሶቿ መጠን ነው። ዘመኗን የተናገረው ደግሞ አጥንቱ ሳይሆን በአካባቢው ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ ንጣፍ ነው። እግሯ ቀጥ ብላ ትሄድ እንደ ነበር ያሳያል፤ ትከሻዋ ግን ወደ ዝንጀሮ ወገን ያደላል፤ ስለዚህ ዛፍ ላይም ሳትወጣ አትቀርም። የወተት ጥርሱ የሚነቃነቅ የስድስት ዓመት ልጅ ይህን ሲሰማ እጁ ወደ አፉ ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ ሰላምን አይረሳትም።

ወላጆች የሚሰጉት መልሱን የማያውቁት ጥያቄ እንዳይመጣባቸው ነው። ስጋቱ አያስፈልግም፤ «አላውቅም፣ በምን እንወቀው?» የሚል አባት ለልጁ ከሊቅ መልስ የማያንስ ነገር ሰጥቶታል። ለዚህ ደግሞ ከፀሐይ የተሻለ ረዳት አይገኝም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ240 ገደማ የእስክንድርያ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የነበረው ኤራቶስቴኔስ በደቡብ ግብፅ፣ በዛሬዋ አስዋን፣ በዓመቱ ረጅሙ ቀን እኩለ ቀን ላይ ጥላ እንደሚጠፋ፣ በዚያው ሰዓት ግን እስክንድርያ ውስጥ ጥላ እንዳለ አወቀ። ጨረሩ የዘመመበት ማዕዘን የክብ 50ኛ እጅ ነበር። የሁለቱን ከተሞች ርቀት በ50 አባዝቶ የምድርን ዙሪያ አገኘ።

ኢትዮጵያ ለዚህ ሙከራ ከግብፅ የበለጠ የተመቸች ናት። አዲስ አበባ ውስጥ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በትክክል አናት ላይ ትሆናለች፤ በሚያዝያ 5 እና በነሐሴ 23 አካባቢ። ነሐሴ ደመና ስለሚበዛበት ሚያዝያ ይሻላል። በዚያን ቀን ከቀኑ 6 ሰዓት ከ25 ገደማ ቀጥ ብሎ የቆመ እንጨት ጥላ ያጣል። መቀሌ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን በቀጥታ መስመር 500 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። እዚያ ያለ የአክስት ልጅ በስልክ ተነግሮት በዚያው እኩለ ቀን የአንድ ሜትር እንጨት ቢያቆም 8 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ ጥላ ወደ ሰሜን ወድቆ ያያል። ማዕዘኑ በፕሮትራክተር ሲለካ 4 ዲግሪ ተኩል ይሆናል፤ ይህም የ360 ዲግሪ 80ኛ እጅ ነው። 500 በ80 ሲባዛ 40 ሺህ ኪሎ ሜትር ይመጣል፤ የምድር ዙሪያ ያን ያህል ነው።