ኮዱን ማን ያጽድቀው?

በኦፕን ሶርስ ፕሮጀክት አንድ ማሻሻያ ወደ ዋናው ኮድ የሚገባው ብዙውን ጊዜ ከጸሐፊው ሌላ ሰው አንብቦ ሲያጸድቀው ነው። ድርጅት ውስጥ ማንበቡ የገምጋሚው ሥራ ነው፤ ደመወዝ ይከፈልበታል። በበጎ ፈቃደኞች ፕሮጀክት ግን ገምጋሚው ከሥራ ወይም ከትምህርት መልስ የተረፈውን ጉልበት ነው የሚሰጠው። ስለዚህ የማጽደቂያ ደንብ ሲወጣ የኮዱ ጥራትና የሰዎቹ ትርፍ ጊዜ አብረው መመዘን አለባቸው።

አማርኛውን ጨምሮ ሁሉም ዊኪፔዲያዎች የሚሠሩበት ሜዲያዊኪ ማንም ሰው ኮድ አይቶ +1 (ድጋፍ) እንዲል ይፈቅዳል፤ ኮዱን የሚያስገባው ግን +2 (ማጽደቂያ) የመስጠት መብት ያለው አባል ነው። የአፓቺ ፕሮጀክቶች አዲስ እትም ለማውጣት ቢያንስ 3 የአባላት የድጋፍ ድምፅ ይጠይቃሉ፤ ድምፅ አሰጣጡም በልማድ ከ72 ሰዓት አያንስም። ይህ ጊዜ ለእኛ አገር ሰው ትርጉም አለው፤ ዓለም ባንክ ሰፈር ያለ አንድ ተማሪ መብራት ወይም ኔትወርክ ቢጠፋበት እንኳ ጉዳዩ ሳይዘጋ አስተያየቱን ማድረስ ይችላል። ከሁሉም በብልሃት የተሠራው የኖድ ጄኤስ ፕሮጀክት ደንብ ነው፦ 2 አጽዳቂ ከተገኘ 48 ሰዓት፣ 1 ብቻ ከተገኘ ደግሞ 7 ቀን ይጠበቃል። ሰው ሲያንስ ጊዜ ይካካሰዋል፤ ሥራውም ገምጋሚ በማጣት አይሞትም።

ደንብ ሲላላ ምን እንደሚከተል ኤክስዜድ ዩቲልስ የተባለው የፋይል መጨመቂያ አሳይቷል። ጂያ ታን በሚል ስም የሚጠራ ሰው እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ሥራ እያበረከተ የደከመውን ብቸኛ ተጠሪ አመኔታ አገኘ፤ እትም የማውጣት መብትም ተሰጠው። በኋላም በ5.6.0 እትም ድብቅ መግቢያ ከተተ። መጋቢት 20 ቀን 2016 ዓ.ም. ጉዱን ይፋ ያደረገው አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ነው፤ የጥርጣሬው መነሻ ከርቀት ወደ ኮምፒውተር መግባት በግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ ነበር። የተንኮሉ ከፊል በታሸገው እትም ውስጥ ብቻ ስለነበር ኮዱን ብቻ የሚያነብ ገምጋሚ ሊያገኘው አይችልም ነበር። ቁጥጥሩ እትሙን ማን ያሽጋል እስከሚለው መድረስ አለበት።

የአጽዳቂዎች ቁጥር ቢሟላም ዕውቀታቸው ላይሟላ ይችላል። የኢትዮጵያን ቀን ወደ ጎርጎርዮሳዊው የሚቀይር ኮድ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ጳጉሜን በዘመነ ሉቃስ 6 ቀን፣ በሌሎቹ ዓመታት 5 ቀን ነው። በ2015 ዓ.ም. 6 ስለነበር የ2016 አዲስ ዓመት የዋለው መስከረም 1 ቀን፣ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 12 ነው። ይህን የማያውቁ ሁለት የውጭ አገር ባለሙያዎች ኮዱ ንጹሕ መሆኑን አይተው በቅን ልብ ሊያጸድቁት ይችላሉ፤ ስህተቱ የሚወጣው ግን የልደት ቀን ወይም የክፍያ ቀን ሲዛባ ነው።

ኮድ በሚቀመጥበት በጊትሃብ ላይ ኮድኦነርስ በሚባለው ፋይል እያንዳንዱን የኮድ ክፍል ለሚያውቀው ሰው ማስያዝ ይቻላል፤ ደንቡ ከበራ ያለዚያ ሰው ይሁንታ ለውጡ አይገባም። የዘመን መቁጠሪያውንና የፊደሉን ክፍል አማርኛ አንባቢ እንዲይዘው ማድረግ ቀላል ነው። ችግሩ ያ ሰው ብቻውን ሲሆን ነው፤ ጊትሃብ ማንም የራሱን ሥራ እንዲያጸድቅ ስለማይፈቅድ እሱ የጻፈውን የሚያይለት ይጠፋል። ስለዚህ ለአማርኛው ክፍል ቢያንስ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ ከኮዱ ጋርም የጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም.ን ውጤት የሚፈትሽ ሙከራ አብሮ መቀመጥ አለበት።