ማሙል፦ የቤይሩት የበዓል ብስኩት

ፋሲካና ኢድ ሲቃረቡ፣ በቤይሩት ምሥራቃዊ ዳርቻ በምካሌስ የአፓርታማ ደረጃ የሚወጣ ሰው በየትኛው ፎቅ ማሙል እንደሚጋገር ከሽታው ይለየዋል፤ የጋለ ቅቤ፣ የጽጌረዳ ውሃ፣ ከቼሪ ዘር የሚወጣው መሕለብ። አሰራሩ የቴታ፣ የቤቱ አያት ነው። ሊጡን የሚለውሰው ግን በብዙ ቤት የሠራተኛዋ፣ የሀበሻ ልጅ እጅ ነው።

ማሙል በተምር፣ በዋልነት ወይም በፒስታቺዮ የሚሞላ ትንሽ ብስኩት ነው፤ እንቁላል አይገባበትም። ነገሩ ሁሉ ያለው ስሚዱ ላይ ነው፤ ስሚድ ሰሞሊና ነው፣ ከዱረም ስንዴ የሚፈጭ። ለአንድ ኪሎ ስሚድ ግማሽ ኪሎ ገደማ የቀለጠ ቅቤ ይፈስበትና ጭኮ እንደሚለወስ በመዳፍ ይታሻል፤ ከዚያ ተሸፍኖ ያድራል። ማደሩ ለወግ አይደለም። ቅንጣቱ ጠጣር ስለሆነ ቅቤውን የሚጠጣው ቀስ እያለ ነው። ቅቤ የጠጣ ስሚድ በማግስቱ የጽጌረዳና የብርቱካን አበባ ውሃ ሲጨመርበት አይለጠጥም፣ ሲጋገርም ይፈረካከሳል፤ የሚፈለገውም ይኸው ነው። ዳቦ ማቡካት የለመደ ጉልበተኛ ክንድ እዚህ ላይ ያበላሻል።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ማተሚያው ነው፤ ከእንጨት የተፈለፈለ፣ እጀታ ያለው። ድብልብሉ ሊጥ በጣት ይጎደጎዳል፣ ሙሌቱ ይገባል፣ አፉ ይገጠማል፣ ማተሚያው ውስጥ ይጫናል። የማተሚያው ጠርዝ ጠረጴዛ ላይ ሲመታ ብስኩቱ ጌጡን ይዞ ይወድቃል። ቅርጹም ውስጡን ይናገራል፤ በተለምዶ ጠፍጣፋ ክቡ ተምር፣ ጉልላቱ ዋልነት፣ ሞላላው ፒስታቺዮ ነው። እንግዳ ሳይቆርስ ይመርጣል። በጌጡ ስርጓዶች ውስጥ የደቀቀ ስኳር ይተኛል፤ የተምሩ ላይ ግን አይነሰነስም፣ ራሱ ይበቃዋል።

ምድጃው በደንብ መጋል አለበት። ሥሩ ቀላ ሲል፣ አናቱ ገና ነጣ እንዳለ ይወጣል። ትኩሱን ለማንሳት የቸኮለ ፍርፋሪ ይታቀፋል።

ሙስሊሞች ለሁለቱም ኢዶች ይጋግሩታል። ክርስቲያኖቹ ደግሞ ከፋሲካ ጋር ያያይዙታል፤ ጉልላቱን የጌታ መቃብር ነው የሚሉ አሉ፣ ሆምጣጤ ውስጥ የተነከረው ሰፍነግ ነው የሚሉም አሉ። አብሮት የሚጋገረው ቀለበት መሳዩ ካዕክ የእሾህ አክሊሉ ነው።

ለእኛ ልጆች ችግሩ የቀን አቆጣጠሩ ነው። ማሮናይት ክርስቲያኖች ፋሲካን የሚያከብሩት ከሮም ጋር ነው። በ2016 ዓ.ም. የእነርሱ መጋቢት 22 ሲውል የእኛ ሚያዝያ 27 ነበር፤ ዐቢይ ጾም ገና ሦስተኛ ሳምንቱ ላይ። ጾመኛዋ እጇን እስከ አንጓዋ ቅቤ ውስጥ ነክራ ጣቷን ሳትልስ፣ ልኩን በዓይንና በአፍንጫ ብቻ ታወጣለች። ሳይቀምሱ ማጣፈጥ ትልቅ ሙያ ነው፤ እንግዶቹ ግን የሚያመሰግኑት ማዳሟን፣ የቤቱን እመቤት ነው። በ2017 ሁለቱም ሚያዝያ 12 ላይ ገጠሙ።

አገር ቤት ገብታ ልትሞክረው ለምትፈልግ፦ ፒስታቺዮው ቢወደድ በተምር ብቻ ይሠራል። ቅቤው ላይ ግን ቀልድ የለም። ኮረሪማና ኮሰረት ገብቶበት የተነጠረ ቅቤ የጽጌረዳውን ሽታ ይውጠዋል፤ ለማሙል የሚሆነው ያለ ምንም ቅመም ለብቻው የተነጠረ ነው።