የፎቶ አንሺ ሥራ በድረ ገጽ እንዴት ይቀመጣል?

ፎቶ ቤት ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ለመታወቂያ የምንነሣው ጉርድ ፎቶ ነው። ነገር ግን በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ያሉት ፎቶ አንሺዎች ሠርጉን፣ ክርስትናውን፣ ጥምቀቱን፣ ገበያውን ሁሉ ሲያነሡ የኖሩ በመሆናቸው የአካባቢው ታሪክ መዝጋቢዎች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ችግሩ ይህ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚቀመጠው በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ብቻ መሆኑ ነው።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ በገባ ጊዜ አንድ የምናውቃቸው ፎቶ አንሺ ኮምፒዩተራቸውን አጡ። ከዚያ በኋላ የሟች ልጃቸውን ፎቶ ፍለጋ የመጡ አባት ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። የተረፈው እስቴ፣ እህታቸው ቤት የነበረ አንድ ፍላሽ ብቻ ሲሆን፣ በውስጡ 1,400 ያህል ፎቶዎች ነበሩ። እኛ ሦስት ሠልጣኞች ባለፈው ክረምት ለእኒህ ሰው ድረ ገጽ ሠራንላቸው። ስንጀምር ከባዱ ነገር የኮምፒዩተሩ ሥራ ይመስለን ነበር። ኧረ አይደለም! ከባዱ መምረጥ፣ መሰየምና ማስፈቀድ ነው።

ለመሆኑ ድረ ገጽ ምንድን ነው? በአጭሩ ኮምፒዩተር በሚገባው ምልክት የተጻፈ ገጽ ማለት ነው። ምልክቶቹ ኤችቲኤምኤል ይባላሉ፤ «ይህ አርዕስት ነው፣ ይህ አንቀጽ ነው፣ እዚህ ላይ ፎቶ ይግባ» እያሉ ያዛሉ። የመጀመሪያው ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. በ1991 ሰርን በተባለው የአውሮፓ የምርምር ማዕከል በቲም በርነርስ ሊ ለሕዝብ ይፋ የተደረገ ነው። ፎቶ ከጽሑፍ መሐል ገብቶ በቀላሉ መታየት የጀመረው በ1993 እ.ኤ.አ. አካባቢ ነው። እንደ እኛ ላለ ጀማሪ ጥቂት ገጾችና ፎቶዎቹ በአንድ ፎልደር ውስጥ ከተቀመጡ ይበቃል።

አንደኛ፣ መምረጥ። ጋሼ «ሁሉንም አስገቡልኝ» አሉን። ግን 1,400 ፎቶ የተደረደረበትን ገጽ ማን ያያል? ይህን የግድግዳ ጋዜጣ የሚያዘጋጅ ሰው እንደሚያውቀው፣ ሁሉ ነገር የተለጠፈበት ሰሌዳ አይነበብም። በመሆኑም ከእሳቸው ጋር ቁጭ ብለን 60 መረጥንና በአራት ክፍል መደብናቸው፦ ገበያና መንገድ፣ በዓላት፣ የአብነት ትምህርት ቤት፣ የሰው ፊት። የገጹንም መደብ ነጭ፣ ፊደሉን ጥቁር አደረግን። መጀመሪያ ላይ የሚንቀሳቀስ አበባና ቀይ ጽሑፍ አስገብተን ነበር፤ ሰው አበባውን እያየ ፎቶውን ሲረሳ አወጣነው።

ሁለተኛ፣ መሰየም። እዚህ ላይ ጥሩ አርአያ የሚሆነን «መዝገበ ሥዕላት» የተባለው ድረ ገጽ ነው። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ማይክል ጀርቨርስና የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲዋ ኤቫ ባሊትስካ ቪታኮቭስካ ያዘጋጁት ሲሆን፣ የኢትዮጵያን አብያተ ክርስቲያናት፣ የግድግዳ ሥዕሎችና የብራና መጻሕፍት የሚያሳዩ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ፎቶዎች ይዟል። እያንዳንዱ ፎቶ የራሱ መለያ አለው፤ መለያው የፎቶ አንሺውን ስም መነሻ ፊደላት፣ ዓመቱንና የፎቶውን ተራ ቁጥር ይዟል። ስለዚህ ፎቶው የትም ቢሄድ ማን፣ መቼ እንዳነሣው አይጠፋም።

እኛም ይህንኑ ተከተልን። የአንዱ ፎቶ ስም በፊት «ቆንጆ ተማሪ» ነበር። አሁን «የድጓ ተማሪ ደበሎ ለብሶ፣ ቤተልሔም፣ ጋይንት፣ ኅዳር 2009 ዓ.ም.» ይላል። ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ከዚህ መግለጫ ብዙ ይረዳል፤ የማያውቀውም ጠይቆ ይማራል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚባለው ለፎቶም ይሠራል።

በዚህ ላይ የፊደል ጣጣ አለ። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒዩተር ፊደል ሰንጠረዥ ውስጥ ስለገባ መግለጫውን በአማርኛ መጻፍ ይቻላል። ነገር ግን በሰንጠረዡ «ሰ» እና «ሠ» የተለያየ ቁጥር አላቸው፤ ለእኛ አንድ ድምፅ ቢሆኑም ለኮምፒዩተሩ ሁለት ናቸው። ከእኛ አንዱ «ስማዳ»፣ ሌላው «ሲማዳ» ብሎ ጽፎ ስለነበር፣ በፍለጋ ጊዜ ግማሹ ፎቶ አልመጣ አለ። መፍትሔው አስቀድሞ አንድ አጻጻፍ መርጦ በወረቀት መዝግቦ መያዝ ነው።

ሦስተኛ፣ ክብደት። 12 ሚሊዮን ነጥብ ያለው አንድ ፎቶ ወደ 4 ሜጋባይት ይመዝናል፤ 60ው 240 ሜጋባይት ሆነ ማለት ነው። ወገዳ ያለ ጓደኛችን በስልኩ ሲሞክረው «ክቡ ይዞራል፣ ይዞራል፣ ጥቅሉ አለቀብኝ» አለን። ስለዚህ የእያንዳንዱን ፎቶ ረጅሙን ጎን ወደ 1,200 ነጥብ ስናወርደው ወደ 150 ኪሎባይት ሆነ፤ ሁሉም ተደምሮ 9 ሜጋባይት ብቻ! ልብ በሉ፤ የሚቀነሰው ቅጂው ነው። ዋናው ፎቶ እንዳለ ለብቻው ይቀመጣል።

አራተኛ፣ ማስፈቀድ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ያደረግነው በቀብር ላይ የሚያለቅሱ እናትን ፎቶ ነበር። ከሁሉ የበለጠው ፎቶ እሱ ነው ብለን ተስማምተን ነበር። ጋሼ አዩትና «ማንን ጠየቃችሁ?» አሉን። እሳቸው ያነሡት በቤተሰቡ ጥያቄ፣ ለቤተሰቡ አልበም ነበር። ሄደን እናትየዋን ብንጠይቃቸው «ያን ቀን አገር እንዲያየው አልሻም» አሉን። አወጣነው፤ ፎቶዎቹም 59 ሆኑ።

ሕጉን ያነበብነው ከዚያ በኋላ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰውን ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ ማሳየት፣ ማባዛትም ሆነ መሸጥ ይከለክላል፤ ቀጥሎ ያለው አንቀጽ ደግሞ በአደባባይ የተደረገ ነገርንና ትምህርትን የመሰሉ ልዩ ሁኔታዎችን ይዘረዝራል። በሌላ በኩል የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የፎቶ አንሺውን የኢኮኖሚ መብት ፎቶው ከተሠራ ጀምሮ ለ25 ዓመት ይጠብቃል። እንግዲህ በአንድ ፎቶ ውስጥ ያንሺውም የተነሺውም መብት አለ። የአንዱን አክብሮ የሌላውን መርሳት አይገባም።

አምስተኛ፣ ማባዛት። ድረ ገጽ ከተሠራ ፎቶው ለዘለዓለም ተቀመጠ የሚመስለው ሰው ተሳስቷል። ለድረ ገጹ ስምና ለማስቀመጫ ቦታው የሚከፈለው የዓመት ኪራይ ካልተከፈለ ገጹ ይዘጋል። ኔትዎርክም ይቋረጣል፤ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። የእኛ ገጽ ግን ቀላል ፎልደር ስለሆነ ያለ ኢንተርኔትም ከፍላሽ ይከፈታል። በመሆኑም 1,400ውን ፎቶ በሦስት ቦታ አኖርን፦ አንዱ ከጋሼ ዘንድ፣ አንዱ እስቴ ከእህታቸው ቤት፣ አንዱ ኢንተርኔት ላይ፣ ለሰው በማይከፈት ቦታ።

ነገ መምህራን ሆነን ስማዳም ሆነ እስቴ ስንመደብ፣ የትምህርት ቤቱ ፎቶዎች በአንድ መሳቢያ ወይም በአንድ ስልክ ውስጥ ተከማችተው ማግኘታችን አይቀርም። ድረ ገጽ ለመሥራት ጊዜው ባይኖረን እንኳ ከጀርባቸው ስም፣ ቦታና ዓመት መጻፍና ሁለተኛ ቅጂ መያዝ አያቅተንም። ለእኒያ አባት የልጃቸውን ፎቶ ልናገኝላቸው አልቻልንም። ሌላ አባት ሲመጣ ግን ጋሼ የሚከፍቱት ነገር አላቸው።