የሩቅ ደንበኛም ዋስ ይፈልጋል
ሊንክድኢን ለአነስተኛ ድርጅት ምን ያስገባል? ምንስ ያስወጣል?

መርካቶ ውስጥ አንድ አዲስ ነጋዴ ዕቃ በዱቤ ልውሰድ ቢል ከዋጋው በፊት የሚነሳበት ጥያቄ “ማን ያውቅሃል?” የሚል ነው። የሚያውቀው ሰው ከተገኘ ገበያው ይቀጥላል፤ ካልተገኘ ግን ጥሬ ገንዘብ ቆጥሮ ካላቀረበ በስተቀር ባዶ እጁን ይመለሳል። “ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል” የሚባለውም በገበያ ዓለም ትርጉሙ ከዚህ የራቀ አይደለም።

ገበያው ወደ ኢንተርኔት ሲዛወር ይህ የቆየ ጥያቄ አብሮ ተዛውሯል። እንዲያውም ሻጭና ገዥ ፊት ለፊት ስለማይተያዩ ጥያቄው በርትቷል ማለት ይቻላል። ባለሙያዎች እርስ በርስ የሚተዋወቁበት ሊንክድኢን የተባለው መረብ ለአንድ አነስተኛ ድርጅት ደንበኛ ሊያመጣ የሚችለውም ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ሆኖ ሲገኝ ብቻ ነው። እንደ ማስታወቂያ ሰሌዳ የሚጠቀምበት ሰው ትርፉ ድካም ነው።

ሊንክድኢንን እ.ኤ.አ. በ2002 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ የመሠረቱት ሪድ ሆፍማንና ባልደረቦቻቸው ሲሆኑ፣ ለሕዝብ የተከፈተው በ2003 ነው። በ2016 ማይክሮሶፍት በ26.2 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶታል። በ2023 ደግሞ የአባላቱ ቁጥር 1 ቢሊዮን መድረሱን ኩባንያው አስታውቋል። ይሁንና ሦስት ሠራተኞች ላሉት ቢሮ የቢሊዮኑ ቁጥር የሚፈይደው ነገር የለም። የሚያስፈልጉት አምስት ወይም አሥር ሁነኛ ደንበኞች ናቸው።

የማይዳሰስ ዕቃ እንዴት ይሸጣል?

በኢኮኖሚክስ የኖቤል ተሸላሚ የሆኑት ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት ጥናት ያገለገሉ መኪኖችን ገበያ በምሳሌነት አንስተዋል። የመኪናውን ጉድለት ሻጩ ያውቃል፤ ገዥው ግን አያውቅም። ስለሆነም ገዥው ለመልካሙም ለብልሹውም የሚሰጠው አንድ መካከለኛ ዋጋ ነው። መልካም መኪና ያለው ሻጭ በዚህ ዋጋ አልሸጥም ብሎ ሲወጣ ገበያው ውስጥ የሚቀረው ብልሹው ይሆናል።

መኪና ቢያንስ ተነድቶ ይሞከራል። የሒሳብ ሥራ፣ የሕንፃ ንድፍ፣ ትርጉም ወይም የኮምፒዩተር ፕሮግራም ግን ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ሊቀመስ አይችልም። ስለዚህ ገዥው የሚያየው ሥራውን ሳይሆን የሠሪውን ስም ነው። ስሙ ያልታወቀ ባለሙያ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ወይ ዋጋውን ይሰብራል፣ ወይ ሥራ ያጣል።

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ በአዲስ አበባ የሚገኝ አንድ አነስተኛ የሒሳብ ቢሮ እንዳለ እናስብ። የፋይናንስ ሪፖርት አዘገጃጀትና አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847/2006 ከወጣ ወዲህ ሪፖርት አቅራቢ ድርጅቶች ሒሳባቸውን አይኤፍአርኤስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ እንዲያዘጋጁ ስለሚጠበቅባቸው፣ ይህን ሥራ አጥርቶ የሚያውቅ ቢሮ ይፈለጋል። ፈላጊው ግን ሁልጊዜ አዲስ አበባ አይቀመጥም። ቅርንጫፉ እዚህ ሆኖ የፋይናንስ ኃላፊው ናይሮቢ ወይም ለንደን የሚገኝ ድርጅት አለ። እኒህ ኃላፊ የቢሮውን ደጃፍ ማስታወቂያ አያዩም፤ የሚያውቁትን ሰው ይጠይቃሉ፣ ወይም በሊንክድኢን ይፈልጋሉ።

የቅርብ ወዳጅና የሩቅ ትውውቅ

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ጥናት መጥቀስ ያስፈልጋል። የማኅበረሰብ ጥናት ምሁሩ ማርክ ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ጽሑፍ በቦስተን አካባቢ በሰው ጥቆማ ሥራ ያገኙ 54 ባለሙያዎችን መልስ አቅርበዋል። ጠቋሚያቸውን በዚያን ጊዜ አዘውትረው ያገኙት የነበሩት 16.7 በመቶ ብቻ ናቸው። 55.6 በመቶው አልፎ አልፎ፣ 27.8 በመቶው ደግሞ ከስንት አንድ ጊዜ የሚያገኙት ሰው ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የቅርብ ወዳጃችን የሚያውቀውን እኛም እናውቀዋለን። አዲስ ወሬ የሚመጣው ከእኛ ሠፈር ውጪ ከሚውል ሰው ነው።

ከ49 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ይህንኑ በሊንክድኢን ላይ ፈትሾታል። አጥኚዎቹ 20 ሚሊዮን የሚሆኑ አባላት በአምስት ዓመት ውስጥ ከማን ጋር እንደተዋወቁና ሥራ እንዴት እንደቀየሩ ተመልክተዋል። ውጤቱ እንዳሳየው ይበልጥ የጠቀመው የልብ ወዳጅም ፍጹም ባዕድም ሳይሆን፣ በመካከለኛ ደረጃ የራቀ ትውውቅ ነው። በተለይ ኮምፒዩተር ነክ በሆኑ መስኮች የሩቁ ትውውቅ ሲበልጥ፣ በሌሎቹ የቅርቡ የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል።

ሁለቱም ጥናቶች የሚናገሩት ስለ ሥራ ፍለጋ እንጂ ስለ ደንበኛ አይደለም። ቢሆንም የሚያመሳስላቸው ነገር አለ። ቀጣሪም ሆነ ደንበኛ የማያውቀውን ሰው ማመን አለበት፤ ለማመን ደግሞ በመካከል የሚቆም ሰው ይፈልጋል። ሊንክድኢን በእያንዳንዱ አባል ስም አጠገብ አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ደረጃ ትውውቅ እያለ የሚያመለክተው ለከንቱ አይደለም። ሁለተኛ ደረጃ የሚባለው “እኔ የማውቀው ሰው የሚያውቀው” ማለት ሲሆን፣ በመካከል ያለውም ሰው ማን እንደሆነ ይታያል። ለአነስተኛ ድርጅት ገበያው ያለው እዚህ ላይ ነው።

በመሆኑም የሒሳብ ቢሮው ባለቤት ለአንድ ሺሕ ባዕዳን “እንተዋወቅ” የሚል ጥያቄ ከመበተን ይልቅ፣ ከዚህ በፊት አብረው የሠሩትን፣ አብረው የተማሩትንና ያገለገሏቸውን ደንበኞች አስቀድመው መዝግበው፣ እነዚህ ሰዎች ከሚያውቋቸው መካከል ሥራቸውን ሊፈልጉ የሚችሉትን ሃያ ኃላፊዎች ቢለዩ ይሻላል። ከዚያ በኋላ የጋራ ወዳጃቸውን “ከእኒህ ሰው ጋር ብታስተዋውቀኝ” ብለው መጠየቅ ነው። ይህ በየማኅበሩና በየዕቁቡ የምናውቀው ዘዴ ነው፤ አዲሱ ነገር ማን ማንን እንደሚያውቅ ፊት ለፊት መታየቱ ነው።

ገጹ ምን ይበል?

የተዋወቀው ሰው መጀመሪያ የሚያየው የባለሙያውን ገጽ ነው። ከስም ሥር ለሚጻፈው መግለጫ የተፈቀደው 220 ፊደል ብቻ ስለሆነ አባካኝ ቃል አይችልም። “ሥራ አስኪያጅ” ብሎ መጻፍ ለሥራ ፈላጊ ይሆን እንደሆነ እንጂ ለሻጭ አይሆንም። “በአዲስ አበባ ላሉ የውጭ ድርጅቶች ሒሳብ በአይኤፍአርኤስ እናዘጋጃለን” የሚለው ግን ለማንና ምን እንደሚሠራ በአንድ ጊዜ ይናገራል።

ከዚያ የሚከተለው የምስክርነት ቃል ነው። ይህን ቃል የሚጽፈው ያገለገልነው ደንበኛ በራሱ ስም ሲሆን፣ የገጹ ባለቤት በእጁ ሊያርመው አይችልም። እንዲስተካከልለት መጠየቅ፣ ማሳየት ወይም መደበቅ ብቻ ነው የሚችለው። ክብደት የሚሰጠውም ይኸው ነው። በአንድ ጠቅታ የሚሰጠው የችሎታ ድጋፍ ግን ማንም ለማንም የሚያድለው በመሆኑ ዋጋው ያን ያህል አይደለም። “ጎበዝና ታማኝ ናቸው” ከሚል አሥር ምስክርነት ይልቅ “የዓመቱን ሒሳባችንን በተባለው ቀን አስረከቡን፤ ኦዲተሩም ያነሳው ጥያቄ አልነበረም” የሚል አንድ ቃል ይበልጣል።

ሒሳቡ ሲሠራ

አካውንት ለመክፈት ገንዘብ አይጠየቅም። ሆኖም ነፃ ነው ማለት አይደለም፤ የሚከፈለው በጊዜ ነውና። ለምሳሌ ያህል የቢሮው ባለቤት በቀን ግማሽ ሰዓት፣ በሳምንት ስድስት ቀን ቢሠሩበት በወር 12 ሰዓት ይሆናል። የአንድ ሰዓት ሥራቸው 600 ብር ቢያወጣ በወር 7,200፣ በስድስት ወር 43,200 ብር አወጡ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ በወር 10,000 ብር የሚከፍል አንድ ደንበኛ ቢያገኙና ለአንድ ዓመት ቢቆይላቸው 120,000 ብር ይገባል። ከዚህ ውስጥ 60 በመቶው ለሥራው ወጪ ቢውል የሚተርፈው 48,000 ብር ነው። የጊዜው ወጪ ሲቀነስ ንጹሕ ትርፉ 4,800 ብር ብቻ ይሆናል።

እንግዲህ አንድ ደንበኛ ወጪውን ከመመለስ ብዙም አይዘልም። አዋጪ የሚሆነው ያ ደንበኛ በዓመቱ ሳይሄድ ሲቀርና ሌላውን ሲጠራ ነው። ስለዚህ ሲጀመር የስድስት ወር ገደብ ማስቀመጥ፣ የተጠየቀውን፣ የተገናኙትንና ውል የገባውን በደብተር መያዝ ይገባል። የወዳጅ ብዛትና “ወደድኩት” የሚል ምልክት በገቢ አይመዘገብም።

ለማን አይሆንም?

ለሁሉም ንግድ አይሆንም። ገዥው የሠፈር ሰው ለሆነ ዳቦ ቤት ወይም ልብስ መደብር የሊንክድኢን ገጽ ጊዜ ማባከን ነው፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ቴሌግራም ይቀርበዋል። መረቡ የሚስማማው ለድርጅት ለሚሸጥ ነው። ከሒሳብ ቢሮዎች ሌላ የሶፍትዌር ሠሪዎች፣ የንድፍ ቢሮዎች፣ ከውጭ የጉዞ ወኪሎች ጋር የሚሠሩ አስጎብኚዎችና አስመጪ የሚፈልጉ ቡና ላኪዎች ይጠቀሳሉ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ደንበኛ ሲገኝ በብር የሚደርሰው ገቢ ከቀድሞው መጨመሩም የሚታወቅ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ሳይነሳ መቅረት የለበትም። ሊንክድኢን ራሱ በየስድስት ወሩ በሚያወጣው ሪፖርት በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ የሐሰት አካውንቶችን እንደሚያስወግድ ይገልጻል። ትልቅ ሥራ ሰጥቼሃለሁ ብሎ “የመመዝገቢያ ክፍያ” ወይም “ማስያዣ” የሚጠይቅ ካለ እዚያው ላይ ማቆም ነው። ደንበኛ ይከፍላል እንጂ አያስከፍልም። የጋራ ወዳጅ ካለ ስልክ ደውሎ “በርግጥ ታውቀዋለህ?” ማለት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሥራው ከመጀመሩ በፊትም የሥራው ዝርዝር፣ ዋጋው፣ የክፍያው ቀንና በየትኛው ባንክ በኩል እንደሚገባ በጽሑፍ ይስፈር። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 በኤሌክትሮኒክ የተላለፈ መልእክት በዚያ ምክንያት ብቻ ሕጋዊ ውጤት እንዳያጣ ስለሚያደርግ፣ የተጻጻፉትን ማስቀመጥ ይጠቅማል።

ሥራ በተባለው ቀን የማያስረክብ ቢሮ ደንበኛ ፍለጋ ሊንክድኢን ከመግባቱ በፊት ይህን ጉድለቱን ቢያርም ይበጀዋል። ማን ማንን እንደሚያውቅ የሚያሳየው መረብ የተከፋውን ደንበኛ ከሚቀጥለው ደንበኛ ጋር ለማገናኘትም አይቸገርምና።