አፈር ማዳበሪያን በገጹ ላይ ስለ መያዙ

ገበሬው በብዙ ድካም ገዝቶ በእርሻው ላይ የሚጨምረው ማዳበሪያ አንዳንድ ጊዜ በዝናብ ታጥቦ ይጠፋል፤ አንዳንድ ጊዜም በአፈሩ ውስጥ እያለ ሰብሉ ሳያገኘው ይቀራል። የሁለቱም ምሥጢር ጠጣር ነገር ሌላውን ነገር በገጹ ላይ የመያዝ ጠባዩ ነው። ይህም ጥጥ ውሃን ወደ ውስጡ እንደሚመጠው ያለ አይደለም፤ ጥላሸት በድስት ላይ እንደሚለጠፍ ያለ ነው እንጂ። ስለዚህ ገጹ በሰፋ መጠን የሚይዘው ይበዛል። በዋልካ መሬት ከሚገኘው ሸክላ አንዳንዱ፥ አንድ ግራሙ ብቻ እስከ 800 ካሬ ሜትር የሚደርስ ገጽ አለው።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1850 ዓ.ም. ሃሪ ቶምሰን የተባለ እንግሊዛዊ ባለ ርስት ስለዚሁ ነገር ያደረገውን ፈተና አሳተመ። አሞኒየም ሰልፌት በተቀላቀለበት አፈር ላይ ውሃ ቢያፈስ፥ ከሥር የወጣው ውሃ በአሞኒያው ፈንታ ጂፕስ ይዞ ተገኘ። በዚያው ዓመት ቶማስ ዌይ የተባለው የኬሚስትሪ ሊቅ ይህን የሚሠራው በተለይ ሸክላው መሆኑን አስረዳ።

ሸክላው ኔጌቲቭ የኤሌክትሪክ ኃይል ስላለው ፖዚቲቭ የሆነውን አሞኒየም ስቦ ይይዛል። ናይትሬት ግን እንደ ሸክላው ኔጌቲቭ ስለ ሆነ ሳይያዝ ከውሃ ጋር ወደ ታች ይወርዳል። ዩሪያ በጥቂት ቀን ወደ አሞኒየም፥ ከዚያም በአፈር ውስጥ ባሉ ረቂቃን ነፍሳት ወደ ናይትሬት ይለወጣል። እንግዲህ ዩሪያውን ሁሉ በዘር ጊዜ መጨመር ለክረምቱ ጎርፍ መስጠት ነው፤ ከፊሉ በዘር ጊዜ፥ የቀረውም ቡቃያው ካደገ በኋላ ሊሰጥ ይገባል። በአፈር ያልተሸፈነ እንደ ሆነ ደግሞ አሞኒያው ሸክላው ሳይዘው ወደ አየር ይተናል።

ፎስፌት በተቃራኒው እጅግ ጠብቆ ይያዛል። በወለጋና በጎጃም ደጋ እንደሚታየው ባለ ኮምጣጣው ቀይ አፈር፥ ብረትና አሉሚኒየም አጥብቀው ስለሚይዙት ሥሩ ሊያገኘው አይችልም። መድኃኒቱም አፈሩን አስመርምሮ በልኩ ኖራ መጨመር፥ ፍግና ብስባሽ ማብዛት፥ ማዳበሪያውንም ከመበተን ይልቅ በመስመር ከዘሩ አጠገብ ማድረግ ነው፤ የሚነካው አፈር ባነሰ መጠን የሚታሰረው ያንሳልና።

ስለዚህ በየወረዳው ያሉ ሹማምንት ማዳበሪያ በሚታደልበት ጊዜ የኩንታሉን ብዛት ብቻ መቍጠር አይበቃቸውም። የአፈሩን ዓይነትና የሚጨመርበትን ወራት ለገበሬው አስቀድመው ቢያስረዱ፥ የድካሙ ዋጋ በጎርፍ ሳይወሰድ ወደ ጎተራው ይገባል።